ሹፌሩ ከታች ነው

ይህን ታሪክ ከመንገድ ወሬ ለቅሜ አላመጣሁትም። የደረሰበት ሰው ራሱ ነው ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ የነገረኝ። ስሙን እንድጽፍም ፈቅዶልኛል።

ምንይችል ይባላል። ላሊበላ ውስጥ ቱሪስት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር።

በሌሊት የሆነ እንዳይመስላችሁ...

በቀን ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም። ቦታውም ከላሊበላ ወጣ ብሎ ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የገዛ ግቢው ነው።

ምንይችል አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበረችው። ከፋብሪካ ስትወጣ በአየር የምትቆም መኪና ነበረች። በብረት ሞላ ፈንታ በየጎማዋ በኩል በአየር የሚነፋ ወፍራም የጎማ ከረጢት ነበራት። የቀድሞ ባለቤቷ ከረጢቶቹ ሲቀደዱበት አውጥቶ ጣላቸውና ተራ የብረት ሞላ ገጠመባት። ከዚያ ወዲህ በጋሸና መንገድ ኮረኮንች ላይ ስትሄድ አንጀት ትበጥሳለች።

ለራሱ ቢሆን ግድ አልነበረውም። ያስጨነቁት የሚስቱ የአገሬ አባት፣ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆመው ሲዘምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ወገባቸው ተይዞ በየጊዜው ወልድያ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነበረባቸው። በመንገዱ ሁሉ ከንፈራቸውን ነክሰው ነው የሚሄዱት። አንድ ቀን ከመኪናዋ ደግፈው ሲያወርዷቸው፣ ልጃቸውን ጠጋ አድርገው፣ "አገሬ፣ ከእንግዲህ አትውሰዱኝ። ሕመሙ ይሻለኛል" አሏት።

ምንይችል ሰማ።

መኪናዋን ወደ ድሮ አቋሟ ሊመልሳት ቆረጠ። እዚያው ግቢው ውስጥ፣ በገዛ እጁ።

ዕቃውን ያገኘለት አብዱልሀሚድ የሚባል፣ ወልድያ ላይ የተወላለቀ የመኪና ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። አራቱ ከረጢቶች፣ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር፣ ቱቦው፣ ሽቦው... ሁሉም ከአንዲት መኪና የወጡ ናቸው። ያችም ተመሳሳይ መኪና፣ ገደል የገባች።

"በጣም ተጎድታ ነበር?" ሲል ጠየቀው ምንይችል።

"መኪናዋስ ብዙም አልሆነች።"

"ሰዎቹስ?"

አብዱልሀሚድ ከረጢቶቹን በማዳበሪያ ጆንያ እየከተተ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

"አየሩ ውስጣቸው ነው ያለው" አለው። "እንደተነፉ ነው ያወጣኋቸው። ወላሂ፣ ላስተነፍሳቸው አልደፈርኩም። አንተው ቤትህ ስትደርስ እንደሚሆን አድርገው።"

ምንይችል ቀልድ መሰለው።

ቤቱ ደርሶ የመጀመሪያውን ከረጢት መክደኛ ፈታ አደረገ።

እስስስስስ...

አየሩ ፊቱ ላይ ነፋበት። የጎማ ሽታ ነበር የጠበቀው። የሸተተው ግን ሌላ ነው። የብርቱካን ልጣጭ... እርጥብ ጋቢ... ሕፃን ያስመለሰው ወተት...

ረጅም መንገድ የሄደ፣ ሰው የታጨቀበት መኪና ውስጥ ያለ ሽታ።

አየሩ ደግሞ ይሞቅ ነበር። ልክ እንደ ሰው ትንፋሽ።

መክደኛውን መልሶ ጠበቅ አደረገ። የቀሩትን ሳያስተነፍስ፣ እንዳሉ ገጠማቸው። ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ስጠይቀው፣ "እንጃ፣ አፍንጫዬን ፈራሁት" ነው ያለኝ።

ግቢው ወለሉ አለት ነው። ምንይችልና ጎረቤቱ ጋሻዬ ከመኪና ሥር ለመሥራት አለቱን በዲጅኖ ፈልፍለው፣ ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚሠራበት ጉድጓድ አበጅተዋል። ጉድጓዱ ከመኪናዋ ያጥራል። መኪናዋ ስትቆምበት አፉን ትከድነዋለች። የሚገባው በጎን ነው፣ መኪናዋ ከፍ ስትል በደረት ተንፏቆ።

የዚያን ቀን ሥራው አለቀ።

በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰፈሩ ጭር ብሏል። መሪጌታም፣ አገሬም፣ ጋሻዬም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጉሙ ከተራራው ወርዶ አጥሩን ውጦታል።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩን አላስነሳም። ኮምፕሬሰሩ ብቻ አጉረመረመ። መኪናዋ መጀመሪያ በኋላ፣ ቀጥሎ በፊት፣ ቀስ ብላ ተነሳች። ምንይችል ብቻውን ሳቀ። መሪጌታ ያለ ሕመም ወልድያ ሲደርሱ ታየው።

ከዚያ የደገፈባትን ግንድ ሁሉ አወጣ። በራሷ አየር እንድትቆም።

አየር የሚያመልጥበት ቦታ ካለ ለማየት የሳሙና ውሃ በጣሳ ይዞ፣ ተንፏቆ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ቱቦዎቹን በሳሙና ውሃ አዳረሳቸው። አንድም አረፋ የለም። ሁሉም ደህና ነው።

ያኔ... መኪናዋ በግራ፣ በኋላ በኩል፣ ዝቅ አለች።

ትንሽ ብቻ። ሰው እግሩን አንስቶ ሲሳፈር የምትለው ያህል።

ኮምፕሬሰሩ አጉረመረመ። ተመልሳ ከፍ አለች።

ፋብሪካው እንዲህ ነው የሠራት። ሰው ሲጫንባት ራሷ አየር ጨምራ ወደ ቁመቷ ትመለሳለች። ሰው ሲጫንባት...

"ማነው? ጋሻዬ?"

ጎንበስ ብሎ በመኪናዋ ሥር ዙሪያውን ተመለከተ። እግር የለም። እርጥብ አለትና ጉም ብቻ።

በቀኝ በኩል ዝቅ አለች። ኮምፕሬሰሩ አጉረመረመ። ከፍ አለች።

በር ሲከፈት አልሰማም። ሲዘጋም አልሰማም።

እንደገና በግራ። ይኸኛው ከባድ ነበር። ብረቱ ሲጢጥ አለ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ቀላል ነው... በጣም ቀላል። እንደ ድመት። መሀል ወንበሩ ላይ ዘለል፣ ዘለል አለ።

ከዚያ ከበላዩ፣ ከወለሉ ጀርባ፣ የሴት ሹክሹክታ ተሰማ።

"አርፈሽ ተቀመጪ።"

ዝላዩ ቆመ።

ምንይችል ጣሳውን ለቀቀው። በመጣበት በኩል በደረቱ ተንፏቀቀ። ራሱ ወጣ። አንድ ትከሻው ወጣ...

እስስስስስ...

መኪናዋ ወረደች።

ራሱን ወደ ውስጥ የመለሰው ለጥቂት ነው። ጆሮው ተልጦ ደሙ አንገቱ ላይ ወረደ። ሲያይ በመኪናዋና በአለቱ መካከል የቀረው ክፍተት ስንዝር አይሞላም። በአራቱም በኩል።

ድንጋጤው ሲበርድለት ሥራውን አሰበ። ቁልፉ እንደበራ ነው። ከጎማው አጠገብ ያለውን የቁመት መለኪያ ዘንግ ከታች ሆኖ ቢገፋው ኮምፕሬሰሩ አየር ይሞላል። እጁን ሰደደ። ዘንጉን አገኘው። ገፋው።

ኮምፕሬሰሩ ማጉረምረም ጀመረ... መኪናዋ ንቅንቅ አለች...

ቀጭ።

ቁልፉ ተዘጋ፤ ኮምፕሬሰሩ ቆመ።

"ቁልፉን አትንኪ አልኩሽ!" አለች ሴትዮዋ።

ሕፃን ልጅ ኪኪኪ ብላ ሳቀች።

ምንይችል አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን መዘርጋት አይችልም፣ ቀና ማለት አይችልም። የመኪናዋ ሆድ አናቱን ተጭኖታል። ትንፋሹ ራሱ ላይ ይመለስበታል። እዚያች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ ብርቱካን ሸተተው።

ከላይ አንድ ወንድ፣ በሰለቸ ድምፅ፣

"ሞላ?" አለ።

"አልሞላም" አለ ሌላው። "አንድ ይቀራል።"

"ማን?"

"ሹፌሩ።"

ከዚያ ሕፃኗ ተናገረች።

"ሹፌሩ ከታች ነው።"

ከበላዩ ወለሉ ኳ፣ ኳ ተደረገ። ልክ በአናቱ ትይዩ።

ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሌላ ጫፍ ተጠጋ። ኳኳታውም ተከተለው። እሱ ሲቆም ኳኳታውም ቆመ። እሱ ወደ ግራ ሲል፣ ወደ ግራ መጣ። ለመጸለይ ሞከረ። የሚያውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋበት። የመጣለት የአገሬ ስም ብቻ ነበር።

"ውጣና ንዳ" አለ ወንዱ በወለሉ በኩል። "ብዙ ቆየን እኮ። መሸብን።"

ምን ያህል እንደዚያ እንደቆየ አያውቅም። እግሩ ደንዝዞ የራሱ መሆኑን ረስቶ ነበር።

በመጨረሻ የአጥሩ በር ተንቋቋ። መቋሚያ አለቱን ሲመታ ተሰማ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ወገባቸው አላስቆም ብሏቸው ቅዳሴው ሳያልቅ ተመልሰዋል።

በስንዝሯ ክፍተት ጫማቸውን አየ። መኪናዋ አጠገብ ቆሙ።

"እንደምን ዋላችሁ?" አሉ መሪጌታ።

እሳቸው ለሱ አልነበረም ሰላምታ የሰጡት።

"ምነው እዚህ ተቀመጣችሁ? ቤት ለእንግዳ ነው፣ ግቡ እንጂ። ምንይችል የለም እንዴ?"

"አባባ..." አለ በሹክሹክታ። "አባባ፣ አያነጋግሯቸው።"

መቋሚያው ተንቀጠቀጠ። መሪጌታ በዚያ ወገባቸው ቀስ ብለው፣ እያቃሰቱ ተንበረከኩ። ጉንጫቸውን አለቱ ላይ አሳርፈው በክፍተቱ አዩት። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

"ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?"

"ወርዳብኝ ነው። መውጣት አልቻልኩም። ላይ ያሉት... አንድ ሰው ጎደለን ይላሉ። እኔን ነው የሚጠብቁት።"

መሪጌታ ቀና ብለው ወደ መኪናዋ መስኮት አዩ። ከዚያ ወደ እሱ ተመልሰው፣

"አገሬ ነግራሃለች?" አሉት።

"ምኑን?"

"እርጉዝ ናት። ዛሬ ጠዋት ነው የነገረችኝ። ለአንተ በጾሙ ፍቺ ልትነግርህ ነበር።"



መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። ድምፃቸው አሁን ወደ ላይ ነው። ለታላላቅ ሰዎች እንደሚናገሩት አድርገው፣ በትሕትና፣

"እሱን ተዉልኝ" አሉ። "ልጄ ነው። የሚጠብቁት አሉ። መንዳት አልችልም እንጂ መቀመጥ አያቅተኝም። እኔ ከእናንተ ጋር እሆናለሁ።"

"አባባ! አይግቡ! አባባ!"

አሁን ግን በሩ ሲከፈት ሰማው። ሲዘጋም ሰማው።

ከላይ ብዙ ሰው ጠጋ ጠጋ ሲል መቀመጫው ሲጢጥ ሲጢጥ አለ።

"ሞላ?"

"ሞላ።"

"በይ፣ አሁን አዙሪው" አለች ሴትዮዋ።

ቀጭ።

ኮምፕሬሰሩ አጉረመረመ። መኪናዋ ከአናቱ ላይ ተነሳች፤ በመጀመሪያ አንድ ጣት፣ ከዚያ ስንዝር፣ ከዚያ ክንድ። ምንይችል በክርኑ እየጎተተ ወጣ። ደሙን ሳይጠርግ፣ በደነዘዘ እግሩ እየተንገዳገደ የኋላውን በር በረገደው።

መኪናዋ ባዶ ናት።

ከመሪጌታ በቀር።

የኋላው ወንበር ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ነው። እሳቸው ግን መሀል ላይ፣ ትከሻቸውን ሰብስበው፣ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ መቋሚያቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ተቀምጠዋል። ከግራና ከቀኝ ሰው እንዳጣበቃቸው።

ፊታቸው ላይ ግን ፍርሃት አልነበረም። ሐዘን ነው የነበረው።

ክንዳቸውን ይዞ ጎተታቸው። ያ የከሳ ሽማግሌ እንደ አለት ከበደው። ግንባሩን በሩ ላይ ተክሎ፣ እያለቀሰ ጎተተ። በስተመጨረሻ ለቀቋቸው... እግራቸው መሬት ነካ።

መኪናዋ ሰው ሲወርድባት ከፍ ማለት ነበረባት። ንቅንቅም አላለች።

አገሬና ጋሻዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሁለቱን ደጃፉ ላይ ተቃቅፈው አገኟቸው።

በማግስቱ ጋሻዬና ምንይችል መኪናዋን በገመድ ስበው ከግቢ አወጧት። ከረጢቶቹን በጠራራ ፀሐይ፣ ሜዳ ላይ፣ በቢላ ቀደዷቸው። አራቱም ባዶ ነበሩ። እስ የሚል ድምፅ እንኳ አልወጣቸውም። መኪናዋ እንዳለች ለብረት ተሸጠች። ምንይችልም ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም።

በየካቲት አገሬ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ።

መሪጌታ ስለዚያ ቀን የተናገሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አገሬ አጥብቃ ስትጠይቃቸው፣ "ክፉዎች አይደሉም። ደክሟቸዋል" አሏት።

ወገባቸው ዳግመኛ አላመማቸውም። ወልድያም አልሄዱም። ከመደባቸው ላይ ግን መሀል ተቀምጠው አያውቁም። ትከሻቸውን ሰብስበው ጠርዙን ይይዛሉ። ሌሊትም በጎናቸው፣ ሊወድቁ ትንሽ ሲቀራቸው ነው የሚተኙት። ወደ መሀል ሲያስጠጓቸው፣ "ግድ የለም፣ ይበቃኛል" ይላሉ።

አንድ ቀን አገሬ ሕፃኗን... ይቅርታ፣ ሕፃኑን ታቅፋ፣ ደክሟት፣ ሳታስበው ከአባቷ ጎን ባለው ባዶ መደብ ላይ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

መሪጌታ ፈጥነው ክንዷን ያዟት።

"ቀስ በይ ልጄ..." አሉ በሹክሹክታ። "አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰዳት።"