በደረቀ ደም ላይ የተነሰነሰ ሰጋቱራ

አማረ በገዛ የእንጨት ሥራ ቤቱ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። መዶሻው የራስ ቅሉን ከኋላ ሰብሮታል፤ ምቱም አንድ ብቻ አልነበረም። የግራ እጁ ጣቶች ደቅቀዋል፤ ራሱን ሊከልልባቸው ሞክሮ ነበር። ሚስቱ ዘመናይ ምሳ ይዛ ስትገባ ያገኘችው እንዲህ ሆኖ ነው።

ኢንስፔክተር የብርጓል ከደብረ ማርቆስ ፖሊስ ደርሳ ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረገችና አጠገቡ ተንበረከከች። እስከ መጋዙ ማሽን እግር የፈሰሰው ደም ጠቁሯል፤ በላዩም እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ሰጋቱራ ተነስንሷል። ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት። ሰጋቱራው በነነ፤ ከሥሩ ያለው ደም እንደ ቆዳ ደርቋል።

በመጋዙ ግራና ቀኝ ሁለት አዳዲስ የብናኝ መምጠጫ ማሽኖች ቆመዋል። ነጋዴው ዘመንፈስቅዱስ ለሙከራ ያመጣቸው ናቸው። ባለ ጨርቅ ከረጢቱ ርካሽ ነው፤ ፍቅፋቂውን ይስባል፣ የላመውን ግን በጨርቁ በኩል መልሶ ይተፋዋል። ባለ ፊልትሮው ሳንባ የሚጎዳውን ደቃቅ ሳይቀር ያስቀራል። ትናንት ሁለቱም ተሞክረዋል። አሁን ከመጋዙ ጋር የተገጠመው ባለ ጨርቁ ነው።

ዘመንፈስቅዱስ ከደጀን በስልክ ተጠርቶ ተመለሰ። ጠዋት መብራት ጠፍቶ ሳለ መልሱን ሊሰማ እንደመጣ፣ አማረም ባለ ጨርቁን መርጦ ሌላውን መልሰህ ውሰድ እንዳለው፣ ማሽኑን በኋላ ሊያስጭን ትቶ ወዲያው በሚኒባስ እንደሄደ ተናገረ። ሹፌሩም መሰከረለት።

«ሲመርጥ ሌላ ማን ነበር?» አለችው የብርጓል።

«ዋናው አናጺ፣ እንዳላማው። አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

ዘመናይ እስከ ምሳ ሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር ገበያ ነበረች። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ከየት እንደመጣ ስትጠየቅ፣ አማረ ሲቆጣ እጁ እንደማያርፍ አቀርቅራ ተናገረች።

እንዳላማው ረጋ ብሎ መለሰ። «መብራት እንደመጣ ጋሽ አማረ መጋዙን አስነሳ። እየቆረጠ ትቼው ወጣሁ።»

የእንጨት ሥራ ቤቱ ጎረቤቶችም በዚያን ሰዓት፣ ያውም አንዴ ብቻ፣ የመጋዙን ድምፅ እንደሰሙ ነገሯት። አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም እዚያው መጋዙ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ዛሬ መጋዙ የጮኸው አንዴ ብቻ ነው፤ መብራት ሲመጣ» አለች። «ይህ ሰጋቱራ የወጣው ያኔ ነው። ደሙ እርጥብ ሆኖ ቢሆን ሰጋቱራው ይቦካበት ነበር። እፍ ስለው ግን በነነ። እንግዲህ መጋዙ ሲጮህ አማረ ከሞተ ቆይቷል። ገዳዩ መብራት እስኪመጣ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ከዚያ ሰው አማረ በሕይወት አለ እንዲል እንጨት ቆረጠ።»



«ያን ጊዜ ዘመንፈስቅዱስ መንገድ ላይ፣ ዘመናይ ገበያ መሃል ነበሩ። አንተ ግን እንዳላማው፣ አማረ ሲቆርጥ አየሁት አልከኝ። የሞተ ሰው ሲቆርጥ አየህ?»

እንዳላማው መጋዙ ላይ ተደገፈ። ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። ታናሽ እህቱ ወንጌላዊት በዚህ ቤት ጣውላ ስታለሰልስ ኖራ፣ ደም እያሳላት ነበር የሞተችው። ሐኪሙ ብናኙ ነው ብሎ ነበር። አማረ በቀብሯ ላይ ደህናውን ማሽን እንደሚገዛ በማርያም ምሎለታል።

«ዛሬ ነጋዴው እንደወጣ ስለ መሐላው ጠየቅሁት» አለ። «ሳቀና ‹ጨርቁ ይበቃናል› አለኝ። እሷንማ በቅቷታል። መዶሻው እጄ ላይ ነበር። እጁን ሲያነሳም አላቆምኩም።»

ዘመናይ ግድግዳውን ይዛ ተቀመጠች።

የብርጓል ካቴናውን እያወጣች «ባለ ፊልትሮው ተገጥሞ ቢሆን ደሙ ላይ ሰጋቱራ ባልነበረ፤ እኔም ባልደረስኩብህ» አለችው።

«እሱ ተመርጦ ቢሆንማ» አለ እንዳላማው «እርስዎም እዚህ ባልመጡ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ዘመናይ ተነስታ መንገድ ለቀቀችለት።