ጎንበስ ማለት የማይችለው ጀልበኛ

ጀልበኛው ኤቫሪስቶ ፑማሬሆ ከሚያገግምበት ቤት ጓሮ ወደ ማግዳሌና ወንዝ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር ሞቶ የተገኘው፣ የማጋንጌ ከተማ ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ነበር። መቶ አለቃ ሶሊስ መጣና ደረጃውን አየ፣ ሬሳውን አየ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላም ጥፋተኛውን አገኘሁ አለ። ጥፋተኛዋ ታካሚዎቹን የምታለማምደው ፊዚዮቴራፒስት ዩሊየት ነበረች።

«ለጀርባው ሕመም ከተቀደደ ገና ዘጠኝ ቀኑ የሆነውን ሰው ተነስ፣ ተራመድ ስትይው ከረምሽ። ይኸው ተራመደልሽ» አላት።

«ደረጃውን ብቻህን እንዳትወርድ ብዬዋለሁ።»

«እሱን ለዳኛው ትነግሪዋለሽ።»

ይህን ሁሉ ኖርበርታ አሪዬታ አልጋዋ ላይ ሆና በመስኮት ትሰማለች። ሠላሳ ዓመት ወንጀል ስትመረምር ኖራ በጀርባዋ ምክንያት ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ስድስት ዓመት ግራ እግሯ እንደ ፍም ሲፈጃት ቆይቶ፣ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ባራንኪያ ከተማ ላይ ሐኪሞች ከወገብ አጥንቶቿ መካከል ያለቀውን ዲስክ አውጥተው ሰው ሠራሽ ተኩላት። የገቡት ደግሞ በሆዷ በኩል ነው። «ጀርባዬን ብላቸው ሆዴን ቀደዱት፤ ጥርሴን ብል ኖሮ ምኔን ሊቀድዱ ነበር» እያለች ጠያቂውን ሁሉ ታስቃለች። እሷም ትስቃለች፣ ቁስሏን በሁለት እጇ ደግፋ።

አሁን ግን ሳቅ የለም። እንደተማረችው በጎኗ ዞራ፣ እግሯን አውርዳ፣ በክንዷ ተደግፋ ተነሳች። የወገብ መደገፊያ ቀበቶዋን አጥብቃ ወደ ጓሮ ወጣች።

«እትዬ ኖርበርታ፣ ይመለሱ፤ እርስዎ ታማሚ ነዎት» አለ መቶ አለቃው።

«እሷን ካሰርክ ነገ ማን ሊያስነሳኝ ነው? አንተ? የአንተን አነሳስ አይቼዋለሁ፤ ከወንበር ስትነሳ እንኳ ታቃስታለህ።»

ሬሳው ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርጓል። የአንዱ ማሰሪያ በመቀስ ተቆርጧል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ጫማውን ልናወልቅ ብንል ቋጠሮው እግሩ ላይ ጥብቅ ብሎ አልፈታ አለን። የጀልበኛ ቋጠሮ ነው። ራሱ አስሮ፣ ራሱ ወጥቶ፣ ራሱ ወደቀ።»

ኖርበርታ ወደ ቤቱ ባለቤት ወደ ክሎቲልዴ ዞረች። «ምሳ ላይ ምን ተጫምቶ ነበር?»

«ነጠላ ጫማ ነዋ፣ እንደ እናንተው። ዓሣውን እየበላ ከሁለት ወር በኋላ ጀልባዬ ላይ ነኝ እያለ ይፎክር ነበር። የሰማነው እኔና የወንድሙ ልጅ ዊልቤር ነን። ልጁ ሊጠይቀው የመጣው ዛሬ ገና ነው።»

ዊልቤር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአጎቱን ጀልባ ሲነዳ የኖረ ጎልማሳ ነው። በረንዳው ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

«ዛሬ ስትመጣ አጎትህ እንዴት ሆኖ ጠበቀህ?» አለችው።

«እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ። ጎብጦ ነበር የማውቀው፤ ማመን አቃተኝ። ምሳ በልቼ ወደ ወደቡ ሄድኩ፣ ከዚያ አልተመለስኩም።»

«ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል? ከተማው ሁሉ ተኝቷል።»

ኖርበርታ ሶሊስን፣ ዩሊየትን፣ ክሎቲልዴንና ዊልቤርን በረንዳው ላይ ሰበሰበችና የራሷን ባለማሰሪያ ጫማ አስመጣች። እግሯን ከተተችበትና ወንበር ላይ ሆና ጎንበስ ለማለት ሞከረች። እጇ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ቆመ። ግንባሯን ላብ አጠመቀው። እግሯን ወደ ላይ ልታመጣም ሞከረች፤ ሆዷ እሺ አላላትም።

«ይተዉት፣ ይጎዳሉ» አለች ዩሊየት።

«ልጎዳ፤ መቶ አለቃው ይየው። የተቀደድነው አንድ ዓይነት ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ቀኔ ነው፣ እሱ ዘጠኙ ነበር። ስድስት ሳምንት አንጎነብስም። ቋጠሮው ደግሞ እግሩ ላይ ሳለ የተሳበ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው አስሮለታል።»

«ማን?» አለ ሶሊስ።

«ክሎቲልዴ ጣቶቿን ቁርጥማት አጣሟቸው የቀሚሷን ቁልፍ እንኳ ሰው ነው የሚቆልፍላት። ዩሊየት ጎንበስ እንደማንል ከሁላችሁም በላይ ታውቃለች፤ ራሱ ወጣ ልታስብል ብትፈልግ በነጠላ ጫማው ትልከው ነበር። ይህን የተሳሳተው ቀጥ ብሎ መቆሙን ብቻ ያየ፣ ቀጥ ያለ ሁሉ ዳነ ያለ ሰው ነው። ምሳ ላይ ሁለት ጀልበኞች ነበሩ፣ ሶሊስ። አንደኛው መጎንበስ አይችልም።»

ሁሉም ወደ ዊልቤር ዞሩ።

«ና ጀልባህን ላሳይህ አልከው» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በነጠላ ጫማ ጀልባዬ ላይ አልወጣም አለህ፤ ተንበርክከህ አሰርክለት። ደረጃው ላይ ስትደርሱ ገፋኸው።»

«ሲያቃስት አጎቴ ነበር» አለ ዊልቤር። «ሲቆም ጌታዬ ሆነ። መሪውን ትለቅና እንደ ረዳት ገመድ ትወረውራለህ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ነድቼ፣ በሰው ፊት።»

ሬሳውም እስረኛውም ከሄዱ በኋላ መቶ አለቃው ባርኔጣውን እያሻሸ ዩሊየትን ይቅርታ ጠየቀ። እሷ ግን የልምምድ መዝገቧን ዘጋች። «ከእንግዲህ ማንንም ወደዚያ ደረጃ አልወስድም።»

«ትወስጂኛለሽ» አለች ኖርበርታ። «አሁን።»

«እትዬ፣ በዛሬ ቀን?»

«ዛሬ ካልወረድኩ ነገ አልጋዬን ተደግፌ ማቃሰት ነው። ለዚያ አይደለም ሆዴን የሰጠሁት።»

ዩሊየት አንድ ደረጃ ቀድማ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ቆመች፤ ሁለት እጆቿንም ዘረጋችላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ወረዱ። አራተኛው ላይ ኖርበርታ ቆም ብላ ተነፈሰች።

«ይበቃል» አለች ዩሊየት።

«ገና ሰባት ደረጃ ቀረኝ» አለችና እግሯን ወደ አምስተኛው አወረደች።