ያልተቀመሰው ፍንጃል

ገጽ አሥራ አንድን እኔ ጻፍኩት፤ እሱ ሰረዘው።

የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ዶሃ ውስጥ፣ ባሕሩን ቁልቁል በሚያይ ሕንፃ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ለኳሱ የሚመጡ እንግዶች በኪሳቸው የሚይዟትን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እናዘጋጅ ነበር። ጫማ የት እንደሚወለቅ፣ በየትኛው እጅ እንደሚበላ፣ ሽማግሌ ሲገባ ማን እንደሚነሣ። ሠላሳ ሁለት ገጽ። ጽሑፉ የእኔ ነበር፣ ሥዕሉ የጋኒም።

ጋኒም የወክራ ልጅ ነው፤ ያደገው ዓሣ አጥማጆች ቤት ነው። እኔ የሸሓኒያ ነኝ፤ የግመል ሰዎች ነን። በመጀመሪያው ቀን የሣለውን ግመል ፊቴ ሲያኖር ብዙ አየሁትና፣ ይህ አንገቱ የረዘመ በግ ነው አልኩት። ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ማጥፋት ጀመረ። በማግስቱ ስለ ጀልባ የጻፍኩትን ይዞ መጣና፣ አንቺ እንዳልሽው ከሆነ ይህ ጀልባ ወደቡን ሳይለቅ ይሰምጣል አለኝ። ያን ጊዜ ሳቅኩ። ፊቴ በኒቃብ የተሸፈነ ነው፤ ከዓይኖቼ በቀር አይቶኝ አያውቅም። መሳቄን ግን አውቋል፤ ወደ ወረቀቱ አቀርቅሮ እሱም ፈገግ ሲል አየሁት።

በየገጹ ላይ አንድ ሰውዬ ነበረን። ወፍራም፣ ጉንጩ በፀሐይ የቀላ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀ። ስም አላወጣንለትም፤ «እንግዳው» ነበር የምንለው። ጫማውን ሳያወልቅ ይገባል። በግራ እጁ ተምር ያነሣል። በቃኝ ለማለት ፍንጃሉን ነቅነቅ ማድረግ እንዳለበት ስለማያውቅ አሥራ ሦስት ፍንጃል ቡና ይጠጣል። ከእኔ ቃል ይልቅ ሰዎች ሥርዓቱን የሚማሩት ከእሱ ስህተት እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ አልከፋኝም።

ቀስ በቀስ ስለ ራሳችን መናገር ሲያቅተን በእንግዳው አፍ መናገር ጀመርን። ጠዋት ስገባ «እንግዳው ትናንት ብቻውን ዋለ» ይላል፤ ትናንት ቀርቼ ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳው ለምን ምሳ እንደማይበላ እጠይቃለሁ፤ ሲሥል ምሳውን እንደረሳ አይቼ። ስናወራ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። በየንግግሩ መጨረሻ ደግሞ «እህቴ» ይጨምራል። በአገራችን ጨዋ ወንድ ዘመዱ ያልሆነችን ሴት የሚጠራት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ ያሰኘኝ ቃል በሁለተኛው ወር ግንብ ሆነብኝ።

ገጽ አሥራ አንድ ላይ የጻፍኩት የእኛን የበረሃ ሰዎች ልማድ ነበር። እንግዳ የቀረበለትን ፍንጃል ሳይቀምስ መሬት ካስቀመጠው ትልቅ ልመና ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ባለቤቱ «ቡናህን ጠጣ፤ የመጣህበት ይሆንልሃል» እስኪለው ድረስ አይጠጣም። ይህ ቃል ከባለቤቱ አፍ ከወጣ ደግሞ አይመለስም።

ጋኒም ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ሆዱን የታመመ እንግዳ ቢሆንስ? ግመል እየነዳ አገሩ ሊገባ ነው እህቴ?»

«ወይም ሚስት ይዞ» አልኩ።

ወዲያው ተጸጸትኩ። ጋኒም እርሳሱን አነሣ፣ ጽሑፌ ላይ አንድ ቀጭን መስመር በማስመሪያ አሰመረ። ለዚህ ገጽ ሥዕል ይበቃዋል አለ። ምን ሥዕል እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ገጹ ባዶውን ቀረ።

በጥቅምት መጀመሪያ አጎቴ ጀብር፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ለልጁ ለሻፊ ጠየቀኝ። በእኛ ዘንድ የአጎት ልጅ ከሁሉ ይቀድማል። አባቴ አላስገደደኝም፤ እስከ ሐሙስ አስቢበት ነው ያለኝ። ሻፊ ክፉ ሰው አይደለም። ጭልፊት ያረባል፤ ስለ ጭልፊት ሲያወራ እንኳ አይሰለችም። ግን እሱን ሳስብ ልቤ ውስጥ ምንም አይንቀሳቀስም ነበር፤ ይህን ደግሞ ለአባት እንዴት ይነግሩታል?

እሑድ ጠዋት ለጋኒም ነገርኩት። በእንግዳው አፍ ልናገረው ብዬ ነበር፤ አቃተኝ። ሥራው ይህን ሳምንት እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ ወደዚህ ፎቅ የምመጣበት ምክንያት እንደማይኖር፣ አጎቴ ለልጁ እንደጠየቀኝና መልሱ ሐሙስ እንደሆነ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

እርሳሱን በጣቶቹ መካከል ሲያዞር ቆየ።

«ጥሩ ሰው ነው?»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«አላህ መልካሙን ያድርግልሽ፣ እህቴ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ያበራ ነበር። ከኋላዬ ድምፁ እንደገና መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የተቆራረጠ። ገጽ አሥራ አንድ ላይ መጅሊስ፣ የእንግዳ መቀበያ ክፍል፣ ሊሥል እንደሚፈልግ፣ እውነተኛ የበረሃ ሰው መጅሊስ አይቶ እንደማያውቅ፣ አባቴ ይፈቅዱለት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ ምንጣፍ ነበር የሚያወራው። እኔ ስለ ሕይወቴ ነግሬው እሱ ስለ ምንጣፍ። እጠይቃቸዋለሁ አልኩና ቦርሳዬን አነሣሁ።

አባቴ ፈቀደ። ሰኞ ከዓስር ጸሎት በኋላ ይምጣ አለ።

መጅሊሳችን ከቤቱ ጋር የሚገናኝበት አንድ ትንሽ በር አለው፤ መጋረጃ ተጋርዶበታል። ተምሩና ቡናው የሚያልፈው በዚያ ነው። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ወንድሜ ፈላሕ ከወዲያ። ቡና የሚቀዳው ፈላሕ ነው፤ የናሱን ጀበና በግራ እጁ ይዞ ቆሞ፣ ፍንጃሉን በቀኝ ያቀብላል። በልማዱ ቡና የሚቀዳ ሰው ዝም ይላል። ፈላሕ ግን ጀበና ሊሞላ በመጣ ቁጥር ሹክ ይለኛል።

«ሠዓሊሽ መጣ። አባዬ ቀኙ አስቀመጠው። አጎቴ ጀብርም አለ።»

«ምን እያሉ ነው?»

«ስለ ኳስ። አጎቴ ጀብር ሃያ ሁለት ሰው ተሰብስቦ አንዲት ኳስ የሚያሳድደው ለምንድን ነው፣ ለየራሳቸው ይገዙላቸው ይላል።»

ሄደ። በመጋረጃው ጠርዝ ነጭ ጀለቢያ አየሁ፤ የደረት ኪሱ ላይ እርሳስ ተሰክቷል። ፈላሕ ለአባቴ ቀዳ፣ ለአጎቴ ቀዳ፣ ለእሱ ቀዳ። ጋኒም ተቀበለ። ፍንጃሉን ትንሽ ያዘው። ከዚያ ቀስ ብሎ ምንጣፉ ላይ፣ ጉልበቱ ፊት አስቀመጠው።

አልቀመሰውም።

አባቴ ወሬውን አቆመ። አጎቴም አቆመ። ፈላሕ ጀበናውን እንደያዘ ወደ መጋረጃው ዞሮ፣ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። እኔ የተምሩን ሰሃን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሱ ነው ገጽ አሥራ አንድን የሰረዘው። ከሁሉም ሰው ይልቅ ይህን ልማድ የሚያውቀው የባሕር ሰው እሱ ነው። ለእኔ እየተናገረ ነው አልኩ በልቤ። ይኸው፣ በመጨረሻ ተናገረ።

አባቴ እንግዳን ማስጠበቅ አይወድም።

«ቡናህን ጠጣ ልጄ» አለ። «የመጣህበት ይሆንልሃል።»

ጋኒም ቀና አለ። ፊቱ መጀመሪያ ምንም ያልገባው ሰው ፊት ነበር። ከዚያ ወደ ፍንጃሉ አየ፤ ከዚያ ገባው። ጆሮው ሲቀላ ከመጋረጃው ጀርባ አየሁት።

«አቡ ፈላሕ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ አባቴን በልጁ ስም ጠርቶ። «ጾመኛ ነኝ። ሰኞን እጾማለሁ። ጾመኛ ነኝ ብሎ መናገር አሳፍሮኝ ነው ያስቀመጥኩት። ቃልዎ የወጣው በእኔ ስህተት ነው። በስህተት የተሰጠኝን ይዤ አልወጣም።»

ሰሃኑ ከበደኝ። አንድ ተምር ወደቀ፤ አላነሣሁትም።

አጎቴ ጀብር ወደ እሱ ጠጋ አለ። «ታዲያ ምንም ልመና የለህም?»

ጋኒም እርሳሱን ከኪሱ አወጣ።

«ምንጣፉን ልሥል ነው የመጣሁት» አለ።

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየው። አባቴ ግመል ሲገዛ ጥርሱን አያይም፤ ዓይኑን ነው የሚያየው። ከዚያ ጾም ለሚፈታበት ለመግሪብ ጸሎት ስንት ደቂቃ እንደቀረ ፈላሕን ጠየቀ። ሃያ አምስት አለ ፈላሕ።

«እንግዲያው ሥል» አለ አባቴ። «ፍንጃሉን አታንሡት። እዚያው ይሁን።»

ሃያ አምስት ደቂቃ የእርሳስ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ሲቸኩልና ሲረጋጋ፣ ሲያጠፋና ሲደግም እለየዋለሁ። ዛሬ አያጠፋም ነበር። አጎቴ ጀብር አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን ያይ እንደነበር ፈላሕ ነገረኝ። ሥዕሉ ላይ ማን እንዳለ ጠየቅኩት።

«ያ ሰውዬ ነው፤ እንግዳችሁ። ግን ከስቷል። ባርኔጣም የለው።» ፈላሕ ሳቁን ዋጠ። «የወክራ ልጅ መስሏል።»

አዛን ሆነ። ሦስት ተምርና ውኃ ላኩለት፤ ተምሩን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ጸሎታቸውን ጨርሰው ተመልሰው ተቀመጡ። ፈላሕ የበረደውን ፍንጃል አነሣ፣ ትኩስ ቀድቶ አቀበለው።

ጋኒም በቀኝ እጁ ተቀበለ። እንፋሎቱን ትንሽ አየ። ከዚያ ፍንጃሉን፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ቅድም የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠው።

«አሁንስ?» አለ አባቴ።

«አሁን ጾም የለም፣ አቡ ፈላሕ።» ዓይኑን ከአባቴ ላይ አላነሣም። «ዛሬን የጾምኩት አላህ ድፍረት እንዲሰጠኝም ነበር። ቅድም ስጠየቅ ግማሹን ብቻ ነው የመለስኩት። ሽማግሌ ሳልይዝ በመምጣቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ሐሙስ ሳይደርስ መናገር ነበረብኝ።»

አባቴ ወደ ወንድሙ ዞረ። ያለ እሱ ፈቃድ አንድ ቃል እንደማይናገር ሁላችንም እናውቃለን። አጎቴ ጀብር ጢሙን ዳበሰ።

«እጁ የገባውን የመለሰ ሰው ካየሁ ብዙ ዓመቴ ነው» አለ። «ሻፊን እኔ እነግረዋለሁ። ጭልፊቷ እስካልታመመች ድረስ አያዝንም።»

አባቴ ተነሣ። መጋረጃውን ገልጦ ወደ እኔ መጣ። የወደቀውን ተምር አይቶ ጎንበስ ብሎ አነሣው፤ ሰሃኑ ላይ መለሰው።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«አንዴ ተሳስቼ ተናግሬአለሁ፣ ልጄ ወድሐ። ሁለተኛውን ያለ አንቺ አልናገርም።»

ለማያውቁን ሰዎች ቤታችን ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ እንዴት እንደሚበሉ፣ እንዴት በቃኝ እንደሚሉ ሠላሳ ሁለት ገጽ ጽፌአለሁ። እሺ እንዴት እንደሚባል የትም አልጻፍኩም። እግሬን አየሁ። መጋረጃውን አየሁ።

«አባቴ» አልኩ፣ «ቡናው እየበረደ ነው።»

ከንፈሩን ገጥሞ ፈገግታውን ሊይዘው ሞከረ፤ አልቻለም። ተመለሰ። ከመጋረጃው ወዲያ ድምፁን ሰማሁ፤ ከቅድሙ ዝግ ያለ ነበር።

«ጠጣ፣ ልጄ።»

በኅዳር እንግዶቹ መጡ። ከተማው በከበሮና በባንዲራ ተሞላ። ኒካሕ አስረን ተጋብተን ነበርና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ስታዲየም አብረን ሄድን። ባቡር ጣቢያው በር ላይ አንድ የሴኔጋል ሰው፣ አረንጓዴ ማልያ የለበሰ፣ መጽሐፋችንን ገልጦ አስቆመን። የሠራናት እኛ መሆናችንን አያውቅም። ገጽ አሥራ አንድን አሳየን። መጅሊስ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ባርኔጣ የሌለው ሰው፣ ከፊቱ ያልተነካ ፍንጃል። ከሥር አንድም ቃል የለም። በሌላው ገጽ ሁሉ ይህ ሰውዬ ይሳሳታል፤ እዚህ ጋ ስህተቱ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀን። ለምንድን ነው የማይጠጣው?

ጋኒም ወደ እኔ አየ። አሁን ወደ ወረቀት አያቀረቅርም።

«መልስ እየጠበቀ ነው» አልኩት ሴኔጋላዊውን።

«መጣለት?» አለ ባለ ማልያው።

«መጣለት» አለ ጋኒም። «ቡናው ግን በርዶ ነበር። ከዚያ የሚጣፍጥ ጠጥቶ አያውቅም።»