የማያፈስ ክዳን

አፋፉ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ያዛቸው። የቧንቧ ሠራተኛው የሞተሯን አፍንጫ ወደ ገደሉ ደፋ አድርጎ ቆሞ ነዳት፤ መቀመጫ የሚባል ነገር የላትም። አለት ለአለት ለሚወጣበት ውድድር የተሠራች፣ ከሲታ፣ የቤንዚን ታንከሯ ከውሃ ኮዳ እምብዛም የማይበልጥ ያገለገለች ሞተር ናት። ሁለት ሰው አትጭንም። ስለዚህ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ገመድ በትከሻው አጋድሞ በእግሩ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ ይመርጥለታል። ዕድሜውን በወፍጮ ቤት የጨረሰ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሊነሱ ሲሉ ባርኔጣውን አውልቆ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ፣ «በል እንግዲህ፣ እሱ ይምራን» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ጎርፍ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ ወደ ማዶው ጤና ጣቢያ መኪና አይገባም። እዚያ ነርስ የሆነችው ሚስቱ ትናንት ስልኩ ከመቋረጡ በፊት የነገረችው አጭር ነበር፦ የጉድጓዱ ፓምፕ ጎሚኒ፣ ውሃ የሚስበው ላስቲክ፣ ተበልቷል፣ አልጋው ሁሉ በተቅማጥ በሽተኛ ተይዟል፣ የቀረው ውሃ ከነገ አያልፍም። አዲሱ ጎሚኒ አሁን በላስቲክ ተጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ አለ። ወንድምየው የሚሸኘው እስከ ወንዙ ነው። ከወንዙ ወዲያ ያለው ሜዳ በእግር ከተሞከረ ከነገ ማታ በፊት አይዘለቅም።

ቁልቁለቱን አጋምሰው ሞተሯ ቀጠን ብላ ጮኸችና ጸጥ አለች።

«ካንዴላዋ ነው፤ ውሃ ገብቷታል» አለ የቧንቧ ሠራተኛው። ጃኬቱን እንደ ድንኳን ደፍቶ እሳት የምትጭረውን ካንዴላ ፈታ፣ ጠረገ፣ መልሶ አሰረ። ጥቂት ቆይቶ ሲረግጣት ተነሳች።

«ድምፅዋ ግን ልትጠፋ ስትል...» ብሎ ጀመረ ወንድምየው።

«ጋሼ፣ ይሄ ወፍጮ አይደለም።»

ጋሼ ገመዱን አንስቶ ቁልቁል ቀጠለ።

ጭቃው እያንሸራተታቸው፣ ኋላዋን በገመድ እየያዙ፣ ከሥር ካለው ጥሻ ደረሱ። እዚያም ጠፋች። የቧንቧ ሠራተኛው ያችን ሞተር የሸጠለትን ሰው እየረገመ ሳለ ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸና አንዲት ከርከሮ ግልገሎቿን አስከትላ ብቅ አለች። አየቻቸው። አንገቷን ሰበር አድርጋ መጣች።

ጋሼ ድንጋይ ላይ ወጣ። የቧንቧ ሠራተኛው ሞተሯን ትቶ የት ይሂድ? ረገጣት፤ እምቢ። ቤንዚን አልቆ ይሆን ብሎ የታንከሩን ክዳን በጥድፊያ ፈታ፣ አየ፣ አላለቀም፤ መልሶ ገጠመና ረገጣት። ተንደቅድቃ ተነሳች። ነዳጅ ሲሰጣት ጩኸቷ ጥሻውን አናወጠው። ከርከሮዋ ጥቂት ሲቀራት ታጥፋ ከነግልገሎቿ ተፈተለከች።

ጋሼ ከድንጋዩ ወርዶ አሁንም አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። የቧንቧ ሠራተኛው ግን ማርሽ አስገብቶ ነጉዶ ነበር።

ዝናቡ አባርቷል፤ ወንዙ ግን ደፍርሶ ጉልበት ድረስ ይደርሳል። እየገፉም እየነዱም ተሻግረው ማዶ ሲወጡ ሞተሯ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋች። የወንዙ ዳር አለት ላይ አንድ ሰው በሞተሩ ይለማመዳል። ሻጩ ነበር፤ ንፋሱ ይሉታል። ሞተሯን ከሸጠ ወዲህ ሲጸጸት እንደኖረ አገር ያውቃል።

«ቆሻሻ ነው የሸጥክልኝ» አለው የቧንቧ ሠራተኛው ገና ሲቀርብ።

«እኔ ዘንድ እያለች አንድ ቀን ጠፍታ አታውቅም። አንተ ከቧንቧ ጋር አምታተሃት ይሆናል።»

የሚሄዱበትን ጉዳይ ሲሰማ ንፋሱ መሳቁን ተወ። ሐሳብም አቀረበ፦ ጎሚኒውን ይዞ በራሱ ሞተር ይከንፋል፣ የጣቢያው ዘበኛ ይገጥመዋል፤ በለውጡ ይቺ ብልሹ ሞተር ወደ ቀድሞ ጌታዋ ትመለሳለች።

የቧንቧ ሠራተኛው ደሙ ፈላ። ካርቡሬተሯን ሊፈታ ፒንሳ አወጣ። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፤ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። አልጋዎቹ ትዝ አሉት። ፒንሳውን መሬት ላይ አኖረና ጎሚኒውን ከኪሱ አውጥቶ ለንፋሱ ሰጠው።

«ሰፊው ጎን ወደ ታች ነው የሚገባው። ለዘበኛው ንገረው» አለ። ድምፁ ወርዶ ነበር። ከዚያም ዞር አለ። «ጋሼ፣ ቅድም ምን ልትለኝ ነበር?»

ጋሼ ወደ ታንከሩ ጠቆመ። «ወፍጮ እህል ሲያጥረው እንዲህ ቀጥኖ ይጮሃል። ሞተሯ አልታመመችም፤ ተጠምታለች። ከርከሮዋ ስትመጣ ክዳኑን ከፈትክ፣ ጠጣች። እስቲ አሁንም ክፈተው።»

ከፈተው። ታንከሩ አየር ሲስብ ሲ...ፍ የሚል ድምፅ ሦስቱም ሰሙ።

ንፋሱ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አየ። ጥርሱ ዙሪያውን በነጭ ቴፕ ተጠቅልሏል፣ የመተንፈሻው ቀዳዳ በሲሊከን ማሸጊያ ተደፍኗል። «ይህን ማን ነው ያሸገው? አየር ካልገባ እኮ ቤንዚኑ አይወርድም።»

«እኔ ነኝ» አለ የቧንቧ ሠራተኛው። ስትጋደም ቤንዚን ከክዳኗ ጠብ ይልበት ነበርና ትናንት፣ ለጉዞው ብሎ፣ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ በጥንቃቄ ነበር የደፈነው። ዕድሜ ልኩን የሚያፈስ ነገር አይቶ አላለፈም።

ንፋሱ ሳቀበት፤ የቧንቧ ሠራተኛው ግን አልተቆጣም። ሲሊከኑን በሽቦ ወግቶ አወጣ፣ ቴፑን ላጠ፣ ረገጣት። ወጥ በሆነ ድምፅ ተነሳች። ንፋሱ ጎሚኒውን መለሰለት። ከሞተሯ ዓይኑን ሳይነቅል ቆየና፣ ዳገቱን በግራ በኩል እንዲወጣ በአገጩ አሳየው። ጋሼ ባርኔጣውን አውልቆ ወንዙ ዳር ቀረ።

ሜዳውን ሳትጠፋ ተሻገረች። በየጉድባው በተጋደመች ቁጥር ጭኑ ላይ ቤንዚን ጠብ ይላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጤና ጣቢያው ደረሰ፣ ሰላምታውን አሳጥሮ ፓምፑን ፈታ፣ አዲሱን ጎሚኒ ገጠመለት። የአልጋዎቹ ክፍል በር ላይ ያለው ባዶ በርሜል ሲንዶቀዶቅ ሚስቱ ባልዲ ይዛ ወጣች።

«ሱሪህ ምን ሆኗል?»

«ቤንዚን ነው። ክዳኗ ያፈሳል።»

«አንተ? የሚያፈስ ነገር አይተህ ዝም አልክ?»

«ትንሽ ካላፈሰች አትሄድም። ወንድምሽ ሁለቴ ሊነግረኝ ሞከረ። በሦስተኛው ሰማሁት።»

ባልዲዋን ሞልታ ወደ በሽተኞቿ ገባች። እሱ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ፓምፑ አጠገብ ቁጭ አለ፤ ድምፁንም ሲያዳምጥ ቆየ።