ያልታለፉት አራት ቤቶች

«ማን ንካኝ አለህ?»

ቴመሃኒ ውሃው ላይ ሆና ጮኸች። ራውሪ ግን ብብቷ ስር ያስገባውን እጁን አላወጣም። «መጀመሪያ ተንፍሺ» አላት። «ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

«እየተነፈስኩ አይደል እንዴ! ልቀቀኝ!»

ለቀቃት። አሰልጣኛቸው የሆነው አጎቷ ቲሆኒ በጀልባው ማዶ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ኮራል ውስጥ ከተቀረቀረ መልህቅ ጋር ሲታገል ነበርና ጩኸቱን ሲሰማ ዞር አለ። «ምንድን ነው?»

«ሳልጠራው ያዘኝ! ሃያ ሜትር ወርጄ፣ ሁለት ደቂቃ ልደፍን ትንሽ ሲቀረኝ! እንዲህ ሆነን ነው ቅዳሜ የምንወዳደረው?»

ደንቡን ሦስቱም ያውቁታል። አንዱ ትንፋሹን ይዞ ሲጠልቅ ጓደኛው ከላይ ሆኖ ዓይኑን ከእሱ ላይ አይነቅልም፤ ራሱን ካልሳተ በቀር ግን አይነካውም። ያለ ምክንያት ከነካው ሙከራው ይሰረዛል። ራሱን የሳተ ደግሞ አንድ ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ አይገባም። ቅዳሜ ራንጊሮዋ ደሴት ላይ የየደሴቱ ጥንዶች ይወዳደራሉ፤ እነ ቴመሃኒ ለዚያች ቀን ከገና ጀምሮ ሲለፉ ነበር።

ቲሆኒ ራውሪን ተመለከተው። «ራሷን ስታ ነበር?»

ራውሪ መልስ ከመስጠቱ በፊት ቴመሃኒን አያት። «አይ» አለ። «እኔ ነኝ የቸኮልኩት።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ከእሷ ጋር ተጠባባቂው ቴፓኖ ይገባል» አለ ቲሆኒ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ አልተቆጣምም። «የሚደነብር ጓደኛ ይዞ መጥለቅ አይቻልም።»

ወደቡ ደረሱ። ቲሆኒ ጀልባውን አስሮ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ራውሪ መነጽሯን አቀበላት።

«ቴሜ፣ ራስሽን ስተሽ ነበር።»

«ሙድ ልትይዝብኝ ነው?»

«አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰከንድ። ከላይ ልትደርሺ ሁለት ሜትር ሲቀርሽ እጅሽ ተዝለፈለፈ። ጎትቼ አወጣሁሽ፣ ፊትሽ ላይ እፍ አልኩብሽ፣ ስምሽን ጠራሁ፣ ነቃሽ።»

«ታዲያ ለአጎቴ ለምን አልነገርከውም?»

«ስትነቂ በአፍሽ የመጣው ቅዳሜ ነዋ! አሳዘንሽኝ። ለእሱ ዋሸሁ፤ ላንቺ ግን አልዋሽም።»

«ቀናሁ በለኛ! በሦስት ሜትር ስለምበልጥህ ነው።»

የራውሪ ጆሮ ቀላ። «እሺ፣ ቀናሁ። ብቻ ያንን ቶሎ ቶሎ መተንፈስሽን አትድገሚው። አይቼሻለሁ።» ጫማውን አንስቶ ሄደ።

ቴመሃኒ በራሷ የምትተማመን ልጅ ናት፣ ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም። በአሥራ አራት ዓመቷ በደሴቲቱ ካሉት ታዳጊዎች ሁሉ በጥልቀት የምትወርደው እሷ ናት። ራሷን ብትስት ኖሮ እንዴት አታውቀውም? ራስ እኮ የገዛ ራሷ ነው! ዛሬማ እንዲያውም ከወትሮው ሁሉ ቀልሏት ነበር። ሌላ ጊዜ ሽቅብ ስትመጣ ሆዷ ይንፈራገጣል፣ ደረቷ ይጨነቃል። ዛሬ ምንም! ለዚህ ደግሞ ምክንያት ነበራት፤ ከመጥለቋ በፊት፣ አጎቷ መልህቁ ላይ ሲያጎነብስ፣ ሃያ ጊዜ በፍጥነት ተንፍሳለች። ቲሆኒ የከለከለው ነገር ነው። ሰው ውሃ ውስጥ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» የሚለው ንጹሕ አየር ስላለቀበት ሳይሆን የተቃጠለው አየር ስለተጠራቀመበት ነው ይላል ቲሆኒ፤ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ የተቃጠለውን አስቀድሞ ጠርጎ ያወጣና «ተንፍስ» የሚለውን ጥሪ ዝም ያሰኘዋል፣ ንጹሑ አየር ግን ያው ማለቁን አይተውም፣ ጠላቂውም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ቴመሃኒ ይህን ሁሉ ለፈተና እንደሚጠና ትምህርት በቃሏ ታውቀዋለች፣ እሷን የሚመለከት ግን አልመሰላትም።

ቤት ስትደርስ አያቷ ማማ ቴፒዩ ደጃፍ ተቀምጣ ኮኮናት ትፍቃለች። በልጅነቷ ዛጎል ጠላቂ የነበረች ሴት ናት፤ ለቴመሃኒ ትንፋሽ ይዞ መቁጠርን ያስተማረቻት እሷ ናት። ሰከንድ አይቆጠርም፤ መንደሩን በሐሳብ ይሄዱታል። ስትጠልቂ ከወደቡ ትነሺያለሽ፣ ቤቶቹን አንድ በአንድ እያየሽ ታልፊያለሽ፣ የገዛ ቤትሽ ደጃፍ ስትደርሺ ከላይ ነሽ። ሃያ አራት ቤት፣ ሁለት ደቂቃ።

«እስቲ ዛሬ የት ደረስሽ?» አለች አያቷ።

«ቤት ገብቻለሁ! ራውሪ ባያበላሽብኝ ኖሮ።»

«ንገሪኝ።»

ቴመሃኒ ዓይኗን ጨፈነች። «ወደቡ፣ የቲሆኒ ቤት፣ የውሃ ታንከሩ፣ የኮኮናት መጋዘኑ...» እየጠራች ሄደች። «የቴፓኖ ቤት፣ ከዚያ የማፑ ሱቅ። እዚያ ጋ የጀልባው ሆድ ከላይ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ራውሪ ያዘኝ።»

«የት ቤት ላይ?»

«እ?»

«ሱቁ ሃያኛ ነው። ከሱቁ በኋላ ዳቦ ቤቱ አለ፣ የራውሪ ቤት፣ የነርሷ፣ ቤተ ክርስቲያኑ። ቤተ ክርስቲያኑን ሳታይ እንዴት ነው እኔ ቤት የገባሽው? በጓሮ?»

ቴመሃኒ ልትስቅ ነበር። እንደገና ሞከረች። ሱቁ፣ የጀልባው ሆድ፣ ከዚያ ፀሐይ። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር፣ ዓይኗ ላይ፣ ያለ መስታወት።

«መነጽርሽን ማን አወለቀው?» አለች አያቷ።

አላወለቀችውም። ራውሪ ሲያወልቀውም አላየችም። ወደቡ ላይ ሲያቀብላት ለምን እሱ እጅ እንደተገኘ እንኳን አልጠየቀችም።

«ቀልሎሽ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

«ወንድሜም ቀለለኝ ነበር ያለኝ። እየሳቀ ነበር የነገረኝ። በማግስቱ ወረደ፣ አልወጣም።» ማማ ቴፒዩ ፍቅፋቂውን ከጉልበቷ ላይ አራገፈች። ቴመሃኒ ስለዚህ ወንድም ከዚያ ቀን በፊት ሰምታ አታውቅም።

ፈራች። ከገና ጀምሮ ለፍታ ቅዳሜን ማጣቱ ደግሞ አንጀቷን በላው። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ራውሪ እንደሆነ ዋሽቶላታል፣ ውሸቱንም አያፈርስም። መነጽሯን ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና ወጣች።

መንደሩን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረችው። ቤተ ክርስቲያኑን አለፈች፣ የነርሷን ቤት አለፈች። ራውሪ የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ዓሣ የሚወጋበትን ጦር ላስቲክ ይቀይራል። ለቅዳሜ የማይጠቅመውን ጦር!

«ተነስ» አለችው።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«አጎቴ ጋ ልሄድ ነው።»

«ምን ልትይው?»

«ውሸታም መሆንህን።»

ራውሪ ላስቲኩን ለቆ አያት። ራሷን መሳቷን ልትናገር መሆኑ ገባው። «አንድ ወር ውሃ አትገቢም እኮ። ቅዳሜስ?»

«ቅዳሜ ከቴፓኖ ጋር አንተ ትጠልቃለህ። እኔ ጀልባው ላይ ሆኜ ቤት እቆጥርልሃለሁ። ደግሞ በሦስት ሜትር እንደምበልጥህ አትርሳ።»

«በሁለት ተኩል» አለ ራውሪ፣ እየተነሣ።

ዳቦ ቤቱን አለፉ፣ ሱቁን አለፉ። የቲሆኒ በር ተዘግቶ ነበር። ቴመሃኒ አየሯን ቀስ ብላ ሳበች፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ አንኳኳች።