ያልተሸኘ እንግዳ

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ለበረንዳው ወንበር ይገዛል፤ ተገኔ ላሜራ ገዛ። ዕድሜውን ሙሉ በሰው ጋራዥ የሰው መኪና ሲበይድ ኖሮ፣ በስተርጅናው ለራሱ ቤት በየደ፤ ከፒካፑ ኋላ የሚጎተት፣ ሁለት አልጋና አንድ ምድጃ ያለው፣ ጎማ የተገጠመለት ቤት። ጎረቤቱ ሁሉ የኖኅን መርከብ እያነሣ «ተገኔ፣ ዝናቡ መቼ ነው?» እያለ ሲያሾፍበት ከረመ። ሚስቱ ስንዱ አብራ ሳቀች፣ አብራም ሠራች፤ መጋረጃውን ሰፋች፣ ድርቆሽና ቋንጣውን በከረጢት አሰረች፣ የባሏን የኢንሱሊን ብልቃጦች በበረዶ ሣጥን ደረደረች፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ወጡ።

በየማደሪያቸው የሚሠሩት ነገር አይለወጥም። እሱ ከየጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፣ ከቤቱ ጎን ሸራ ይወጥራል፤ እሷ ጋዙን ትለኩሳለች፤ ምግቡ ሊደርስ ሲል እሱ ሸሚዙን ገልጦ ሆዱ ላይ መርፌውን ይወጋል፤ ትሪው ይቀርባል፤ ይበላሉ። ስኳር ቀልድ አያውቅም። መርፌውን ወግቶ ካልበላ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ጊዜማ ዐይኗ እያየ ራሱን ስቶ ወድቆባታል። ከዚያ ወዲህ ስንዱ የምትበላው ባሏ ሲጎርስ እያየች ነው፤ እሱ ሲጠግብ ትጠግባለች።

ከያቤሎ በታች፣ ቀይ አፈርና እሾህ ብቻ በሆነው አገር፣ የተጎታቹ አንዱ የጎማ ኩሽኔታ ይጮህ ጀመር፤ ጎማው እጅ የሚያቃጥል ሆነ። መንገደኛ መኪናውን አቁሞ የሚያድርበት አንድ የከብት እርባታ በዚያ እንዳለ የጭነት መኪና ሾፌር ነግሯቸው ነበርና እየተንፏቀቁ ደረሱ። ቦታው ሰፊ ነው፤ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል፤ ከመሐሉ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ዐይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው፤ ጎጆም፣ ጭስም፣ የሰው ድምፅም የሌለበት ሜዳ። ነፋሱ የከብት፣ የአቧራና በፀሐይ የደረቀ ፋንድያ ሽታ ይዞ ይመጣል።

ጠባቂው ሊበን የሚባሉ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ውሃውን አሳዩአቸው፣ እንጨቱን አሳዩአቸው። ተገኔ ያቤሎ ላለ ወዳጁ ደውሎ ኩሽኔታ እንዲልክለት ተነጋግሮ እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁትና፣

«ስትበሉ ውስጥ ግቡ። በር ዝጉ» አሉ። «የማታውቁትን ሰው ብላ አትበሉ።»

«አባባ፣ ቡዳ ፈርተው ነው?» አለ ተገኔ እየሳቀ።

ሊበን አልሳቁም። «እኔ ነግሬአለሁ» አሉና ወደ በረታቸው ሄዱ።

ተገኔ ግን በተዘጋ በር መብላት የሚሆንለት ሰው አይደለም። እናቱ በራፏ ላይ ያለፈውን ሁሉ ጠርታ የምታበላ ሴት ነበረች፤ እሱም አውቶቡስ ውስጥ ብስኩት ሲበላ እንኳ አጠገቡ ላለው ሳይዘረጋ አይጎርስም። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል፤ ሽማግሌው ይህን አልሰሙም መሰለኝ» አለና ትሪውን ራሱ ተሸክሞ ከሸራው ሥር አወጣው። ፀሐይ ልትገባ ነበር። የቋንጣው ፍርፍር ይሸታል፤ በሬዎቹ ከሜዳው እየተመለሱ ሲያገሱ ይሰማል። ሁለተኛ ጉርሻውን እንዳነሣ ተገኔ ወደ አጥሩ ቀና ብሎ አየ።

ከአጥሩ ወዲያ ሰው ቆሟል። ፀሐይዋ ከኋላው ስለሆነች ፊቱ አይለይም፤ ረጅም ነው፣ እጆቹ ወደ ታች ወርደዋል፤ ዝም ብሎ ሲበሉ ያያል።

«ወንድሜ፣ እንብላ! ና እንብላ!» ሲል ተገኔ ተጣራ።

ሰው እንብላ ሲባል «ብሉ፣ ብሉ» ይላል፤ ወይ ይመጣል። ይህ ግን ብሉም አላለ፣ አልመጣምም። ስንዱ የሆነ ነገር ቀፈፋት፤ ምን እንደሆነ ቆይታ ነው ያወቀችው፤ በሬዎቹ ማግሳታቸውን አቁመው ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ ወገን፣ ሰውየው ከቆመበት በተቃራኒ፣ አዙረው ነበር። እንደገና ቀና ስትል አጥሩ ባዶ ነው።

«አልጠገብኩም» አለ ተገኔ ትሪው ሲያልቅ፤ ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ሰው የሚበቃ ነበር ያቀረበችው። ጥቂት ቆይቶ ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፈ፣ ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ስንዱ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችው፤ ተመለሰላት። ሌሊቱን ከጎኑ ተቀምጣ አነጋች፤ ትፈራ የነበረው በሽታውን ብቻ ነበር።

ጠዋት መርፌውን አስቀነሰችው። ገንፎ ሠራች፤ ገንፎ ሆድ ይይዛል። ሰውየው አሁን ከአጥሩ ውስጥ ነበር፤ ገንዳው አጠገብ ቆሟል፤ ከብቶቹ ከሌሊት ጀምሮ የጠማቸው ይመስል ምላሳቸውን እያወጡ ከሩቅ ይቆማሉ እንጂ አንዱም ወደ ውሃው አይጠጋም። ፀሐይዋ በዚህ ጊዜ ከፊት ለፊቱ ነበረች። ፊቱ ግን አሁንም አይለይም። ነፋሱ ወደ እነሱ ሲዞር እርጥብ ቆዳና የቆየ አመድ የሚመስል ሽታ አመጣ፤ ተገኔ ምንም ያልሸተተው ይመስል እያላመጠ «ዐይን አፋር ነው መሰለኝ» አለ። ገንፎውን ጨርሶ ሳህኑን ጠረገው፣ ጣቱን ላሰ። «ሌላ የለም?» አላት፤ የሚጠይቅበት ድምፅ የልጅ ድምፅ ነበር፤ ስንዱን እንባ እንባ አላት።

«ተጎታቹን ትተን በመኪናው እንሂድ» ብላ ለመነችው።

«ዓመት ሙሉ የበየድኩትን ቤት ለጅብ ልተወው?» አላት። «ዛሬ ማታ ኩሽኔታው ይደርሳል። አትጨነቂ ስንዱዬ።»

በምሳ መርፌውን ጨርሶ ከለከለችው። ሽማግሌው እንደነገሯቸው ውስጥ ገቡ፤ በሩን ዘጋች፣ መጋረጃውን ሳበች፣ ከመጋረጃው ጫፍ ገልጣ ሜዳውን አየች፤ ገንዳው ዘንድም፣ አጥሩ ዘንድም ማንም የለም። ከብቶቹ ውሃ ይጠጣሉ። ከትናንት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣላትና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች። የቀረቻትን እንጀራ በሙሉ ዘርግታ ሽሮውን ገለበጠችው። ላሜራው በፀሐይ እየጋለ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ጠባቧ ክፍል በሽሮ ሽታ ተሞላች፤ ከሽሮው ሥር ደግሞ ቀስ እያለ ሌላ ሽታ መጣ፤ እርጥብ ቆዳና አመድ።

ስንዱ ማላመጧን አቆመች። ተገኔ ጎርሶ ውሃ ሊጠጣ ኩባያ አንሥቷል፤ ጥርሱ አይንቀሳቀስም። የማላመጥ ድምፅ ግን አልቆመም። ረጋ ያለ፣ አፉን ገጥሞ የሚበላ የጨዋ ሰው ማላመጥ ነበር። ትሪውን ስታይ ከሷ ፊት ትንሽ ተቆርሷል፤ ከባሏ ፊት ትንሽ ተቆርሷል፤ ማንም ባልተቀመጠበት በግድግዳው በኩል ግን እንጀራው እስከ መሐል ድረስ ተበልቶ የትሪው ብረት ያበራል።

ጮኸች። በሩን ከፍታ በባዶ እግሯ እሾሁን እየረገጠች ወደ በረቱ ሮጠች።

ሊበን ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጠራችሁት?»

«ባሌ ነው። እንብላ አለው። እንዲያው ለወጉ ነው አባባ፣ ማን ነው እሱ?»

«እኛ አልጠየቅነውም። አንጠራውም፣ በቃ።» ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። «አሁን ብትሄዱም አብሮ ይሄዳል። የተጠራ እንግዳ አይባረርም፤ ጠሪው ነው የሚሸኘው።»

ተገኔን ከቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኙት፤ ቀበቶው ልቅ ብሎበታል፣ ጉንጩ ገብቷል፤ በአንድ ቀን እንዲህ የሚከሳ ሰው አይታ አታውቅም። ሊበን ጎንበስ ብለው፣ «ተነሥና እስከ በሩ ሸኘው። ደኅና ግባ በለው፤ ተመለስ። ሌላ ቃል አትጨምር» አሉት።

ይስቃል ብላ ነበር። አልሳቀም። ተነሥቶ ሸሚዙን አስተካከለ፤ ወደ ክፍሉ በር ዞሮ በእጁ «ይቅደሙ» ብሎ እንደሚያሳልፍ ሰው ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ሄደ። ብቻውን ነበር፤ አካሄዱ ግን የብቻ አልነበረም። ርምጃውን ለሌላ ሰው ርምጃ እያሳጠረ፣ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ እያዳመጠ፣ ሜዳውን አቋረጠ። ከብቶቹ መንገድ ለቀቁ፤ የለቀቁት መንገድ ለአንድ ሰው በጣም ሰፊ ነበር። ከእሾህ በሩ ዘንድ ሲደርስ እጅ ነሣ። ቶሎ ይመለሳል ብላ ስትጠብቅ ቆየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ነፋሱ ቃሉን ወደ ሜዳው ይወስደዋል። ደግሞ እጅ ነሣ። ከዚያ ተመለሰ።

ያን ማታ ስንዱ የቀረውን ድርቆሽ ሁሉ ፈርፍራ አቀረበች። ተገኔ በላ፤ እሷ ዐይኗን ከግድግዳው በኩል ካለው የትሪው ወገን አልነቀለችም፤ አልተነካም። ከግማሽ ሲደርስ እጁን ሰበሰበና «ጠገብኩ» አለ። ይህን ቃል በሠርጓ ቀን ከሰማችው ሁሉ አስበልጣ ወደደችው፤ ትሪውን እንደያዘች አለቀሰች። ወዳጁ የላከለት ኩሽኔታም ደረሰ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ተገኔ ጎማውን ገጥሞ ጨርሶ፣ ተጎታቹን ከፒካፑ ጋር አያይዞ፣ እያፏጨ መሪውን ያዘ። ፊቱ ተመልሷል። ሊበን በሩን የዘጋውን እሾህ ሊጎትቱላቸው ቆመው ነበር፤ ስንዱ በመስኮቱ እጃቸውን ስማ «እግዜር ይስጥልን አባባ» አለቻቸው።

«ደኅና ግባ ብቻ ነው ያልከው?» ሲሉ ሽማግሌው ተገኔን ጠየቁት።

«እኔስ ያን ብቻ ነው ልል ያሰብኩት» አለ ተገኔ። «ሰውየው ግን ጨዋ ነው። ‹የሰው በልቼ ዝም አልልም፤ ነገ ተራው የኔ ነው› አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ምን ይባላል አባባ? እሺ ነዋ!»

ሊበን እሾሁን ሳይጎትቱ ለቀቁት። ወደ ስንዱ እንኳ ሳያዩ ፊታቸውን አዙረው ወደ በረቱ፣ ሽማግሌ በማይሄድበት ፍጥነት፣ ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ከሜዳው በኩል፣ ትናንት ጎጆም ጭስም ካልነበረበት፣ ቀጭን ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ያየችው፤ የምን እንደሆነ የማታውቀው ሥጋ የሚጠበስበት ሽታም በመስኮቱ ገባ።

«ንዳው!» አለች። «ተገኔ፣ በእናትህ፣ በእሾሁ ላይ ንዳው!»

ተገኔ ሽታውን በረጅሙ ሳበ፤ ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶ የውሃውን ጀሪካን አነሣና ወደ እሷ በኩል ዞሮ በሩን ከፈተላት።

«ነይ፣ እጅሽን ላስታጥብሽ» አላት፤ «እሺ ያልኩት ለሁለታችንም ነው።»