የሚዝለገለገው ቁራሽ

ሽማግሌው ኦርትቪን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ በዚያ ሙቀት ለቀናት ከርሟል። ኢንስፔክተር ሮስቪታ አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ገባች። ከሬሳው ይልቅ ያስጠላት ከፊቱ ያለው ቁራሽ ዳቦ ነው። በሹካ ስትነካው እንደ ንፍጥ ተሳበ፤ ሽታውም የበሰበሰ ሐብሐብ ነው።

ሐኪሙ በሟቹ ሆድ የአይጥ መርዝ አግኝቷል። የመንደሩ ፖሊስ የእህቱን ልጅ ጉንዱላን በካቴና አስሯታል፤ ዳቦ የምትጋግርለት እሷ ናትና።

«ያሳደገኝን ሰው ልመርዝ?» አለች እያለቀሰች።

ሮስቪታ የመንደሩን የጋራ ዳቦ ምድጃ ጠባቂ ኦይገንን ጠየቀችው።

«ያለን አንድ የእርሾ ማሰሮ ነው፤ ከቤት ቤት ይዞራል» አላት። «የሁላችንም ዳቦ ጥርስ ያጠርሳል። ኦርትቪንማ ያልኮመጠጠውን ዳቦ ብሎ አይጠራውም። ‹የዳቦ ስማችን፣ ብሮት፣ ከጥንቱ የቦካ ማለት ነው› እያለ ያደርቀን ነበር። ዕድሜውን የፈጀው የዳቦን ስሞች ከየአገሩ ሲለቅም ነው። ከሩቅ ቃል ያመጣለትንም ዳቦውን ሳያስቀምሰው አይጽፍለትም።»

የሟቹ ረዳት ፎልክማር ከከተማው ዩኒቨርሲቲ የመጣ ሽክ ያለ ሰው ነው። «ያንን ዳቦ ጉንዱላ ከምድጃው ስታወጣው በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

«እርስዎስ ምን ያመጡለት ነበር?»

«ከሰሜን፣ ከእናቴ አገር ቃላት። የዳቦን ጫፍ እዚያ ‹ሽኖርፕ› ይሉታል።»

ሮስቪታ ወደ ሰሜን ደወለች። ከዚያ ጉንዱላን፣ ኦይገንንና ፎልክማርን ወጥ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የዚህ መንደር ዳቦ ሲቆይ ይሻግታል እንጂ አይዝለገለግም፤ ኮምጣጣነቱ ይጠብቀዋል። እንዲህ የሚሆነው ያልኮመጠጠ ዳቦ ነው፤ ትኩስ ሳለ ተበልቶ ትራፊው በሙቀት የተበላሸ። ስለዚህ ከመንደሩ ምድጃ አልወጣም። አቶ ፎልክማር፣ ሲወጣ አየሁ ያሉት ውሸት ነው። ሟቹ እንዲህ ዓይነቱን የሚቀምሰው ለቃል ሲል ብቻ ነው፤ የእርስዎን ቃል ደግሞ በእናትዎ አገር የሰማው የለም።»

ፎልክማር ላቡን ጠረገ። «ቃሉ የራሴ ፈጠራ ነው። ኦርትቪን ጠረጠረኝ፤ ቢያጋልጠኝ ከዩኒቨርሲቲው መባረሬ ነው። ‹እስቲ ዳቦውን አምጣና ልቅመሰው› አለኝ።»

«አመጣህለታ» አለች ጉንዱላ።

«ጣፍጦት ሁለተኛ ቁራሽ ጨመረበት» አለ ፎልክማር፣ እንደ ተመሰገነ ሁሉ።

ሮስቪታ ከወንበሯ ተነሳች። ካቴናውን ከጉንዱላ እጅ ፈታች፤ የልጅቷ ሙቀት ሳይለቀው ፎልክማር እጅ ላይ ቆለፈችው።